የብር ጭቃ ይዘን ከንፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ

ከመንገድ ከተመለስኩ ወዲህ በየደረስኩበት «እስኪ ንገሪን» ይሉኛል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ተናገርኩ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተናገርኩ፣ ዕድር ላይ ተናገርኩ። ሁለተኛ ስናገረው ከመጀመሪያው ይለይብኛል፤ ሦስተኛው ላይ አንዱ በሬ ሁለት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው፣ ማንበብ ያቃተው ያስነብበው ብዬ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደሉ ቢጣመምም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይኼን ንፋስ መውጫ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባጃጅ ላይ ስወጣ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ መብረቅ ሲጮህ እኔን በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ሌላው ፍርሃት ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆነና አንድ ብቻ ገነነ፤ ልጄ ይታይሽ ዐረብ አገር ትሄድብኛለች የሚል። ፓስፖርቷ ወጥቷል። ደላላው በሳምንት በሳምንቱ ይደውላል። ስልኳ በጮኸ ቁጥር እኔ ሽንኩርት መክተፌን ትቼ ጣቴን እከትፋለሁ።

ይታይሽ ባሕር ዳር ሥልጠና ገብታ አንዲት የውጭ አገር ሴት የብር ጭቃ አስተምራት ነበር። የብር ጭቃ ስል አትሳቁ፤ እኔም ስቄ ጨርሻለሁ። ብሩን እንደ ዱቄት ያልሙታል፤ ከሚያጣብቅ ነገርና ከውሃ ጋር ይለውሱታል፤ እንደ ሊጥ እጅ ላይ ይገላበጣል። ልጄ ታድበለብለዋለች፣ ትዳምጠዋለች፣ መስቀል ታደርገውና ታደርቀዋለች። ከዚያ እሳት ሲገባ ማጣበቂያው ተቃጥሎ ይሄዳል፤ ብሩ ብቻ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቀራል። አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል የሠራችው እንዲህ ነው። ፊቱ ላይ ከጓሯችን የቀጠፈችውን የገብስ ዘለላ አትማበታለች፤ ጭቃው ሳይደርቅ ስለተጫነው የገብሱ ጢም አንድ በአንድ ይታያል።

ችግሩ ጭቃው የሚመጣው ከውጭ ነው። ሴትዮዋም አገሯ ገባች። የቀረን አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። «እሱ ሲያልቅ እዚህ ምን እሠራለሁ? እሄዳለሁ» አለችኝ። ወገዳ ያለው ታናሽ ወንድሜ ጌጡ ይኼን በስልክ ሲሰማ፣ «መካነ ኢየሱስ አያ ደምሌ የሚባሉ አንጥረኛ አውቃለሁ። ከእርሳቸው ዘንድ ከገባች ብር አታጣም። እኔ ይዣችሁ ሄጄ አማልዳለሁ» አለ። ይታይሽም አሰበችና፣ «ጭቃዬን ፊታቸው ለውሼ መስቀል ሠርቼ አሳያቸዋለሁ። ከተቀበሉኝ እቀራለሁ። ካልተቀበሉኝ ግን እማ፣ አታልቅሺብኝ» አለች።

ደግሞ አንጥረኛ! እናቴ አንጥረኛ ቤት ውሃ እንኳ አትጠጡ፣ ዐይናቸው ሰው ይበላል ብላ ነው ያሳደገችን። ከቡዳና ከዐረብ አገር የቱ ይሻላል ብዬ ሳሰላስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ቡዳው ቅርብ ነው አልኩና ስንቄን ቋጠርኩ።

ሰኞ

በደብረ ታቦር ብንዞር መንገዱ ይሻል ነበር፤ ግን አማላጃችን ወገዳ ነው ያለው። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ነፋሱ ነጠላዬን ነጥቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው። ይኼ መጥፎ ምልክት ነው ብዬ ልመለስ ስል ይታይሽ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝና «ምልክቱ ብርድ ነው፤ ግቢ» አለችኝ።

በቦርሳዬ በሶ አለ፣ የተቀቀለ ድንች አለ፣ አንድ ጠርሙስ ጠበል አለ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ እምነትም አለ፤ ያ ከጠበል ቦታ የሚመጣው፣ አመድ የሚመስለው፣ ራስ ሲያምም የሚቀቡት። ይታይሽ የብር ጭቃዋን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላ እዚያው ጨመረችው። «አንቺ ቦርሳሽን ስትሞቺም አትለቂውም» አለች። እውነቷን ነው። ረዳቱ «ማዘር፣ ቦርሳዋን ወደ ላይ» ሲለኝ «እኔን ላይ ጫነኝና ቦርሳዋ እዚህ ትቀመጥ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ወደ አርብ ገበያ ሲወርዱ ብርዱ እንደ ጋቢ ከሰው ላይ እየተገፈፈ ይሄዳል። እኛ ዘንድ እኩለ ቀን ላይ የሚሞቀውን ያህል እዚያ ገና በጠዋቱ ይሞቃል። ሰው ሁሉ ሹራቡን ሲያወልቅ እኔ እንደታፈንኩ ቀረሁ፤ የማላውቀውን ሙቀትም እፈራለሁ። ከከተማው አለፍ እንዳልን ዷ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥይት መስሎኝ ወንበሩ ሥር ገባሁ። እዚያ አንዲት ሌላ ሴትዮ ቀድማኝ አገኘኋት፤ እንደተጎነበስን ተዋወቅን። የፈነዳው ጎማ ነበር። እስኪቀየር ድረስ ከጥላ ሥር ተቀምጠን በሶዬን ለሾፌሩም ለረዳቱም በጠበጥኩ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ «ማዘር፣ ለመመለሻም ከእኛ ጋር ነሽ» አለኝ።

ፍተሻ ጋ ስንደርስ ደግሞ ውረዱ ተባልን። ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ቦርሳዬን ከፈተና ሁለቱን ጥቅሎች አወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው እናቴ?»

«እምነት ነው ልጄ። ከጠበሉ ነው። ለራስ ምታት፣ ለቁርጥማት፣ ለዐይን…»

«ይኼኛውስ? ለምን ይረጥባል?»

ብር ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ጠመንጃውን ሳየው አፌ ሌላ ተናገረ። «እሱም እምነት ነው።»

ይታይሽ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ልጁ ግን ኮፍያውን አወለቀ፣ ሁለቱንም ተሳለመ፣ ፈትቶ አየ፣ መልሶ ቋጠረና «በጸሎትዎ ያስቡን» ብሎ ሰጠኝ። የትኛውን በየትኛው ጨርቅ እንደቋጠረው ማን ልብ አለ? እኔ የማየው ጠመንጃውን ብቻ ነበር።

ወገዳ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። መጀመሪያ የገረመኝ ጸጥታው ነው። የእኛ ከተማ ነፋስ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ ያድራል፤ እዚያ ግን ቆርቆሮ የሚያንኳኳ የለም። ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ «ይታይሽ፣ እስኪ ተናገሪ» አልኳት። የጌጡ ሚስት ማሬ ዶሮ አሳርዳ ጠበቀችን። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች፤ ከመስከረም ጀምሮ ያማታል። በዚያ ራሷ ቆማ አበላችን፣ እግራችንን አጠበችን፣ አልጋዋን ለቀቀችልን። እኔ ዘንድ እንግዳ መጥቶ ራሴን ቢያመኝ እንግዳው ነበር የሚያስታምመኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ጌጡ ወደ አውድማው ወጣ። ስንዴ እየወቃ ነው፤ «ዛሬ እጨርሳለሁ፣ ነገ አብረን መካነ ኢየሱስ ነን» ብሎናል። ከበሬዎቹ አንዱ፣ ቡሬ የሚሉት፣ ሻኛውን ቀንበር ልጦት ስለነበር ያን ቀን ደጅ ታስሮ ቀረ። እኔና ይታይሽ ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ስንነሣ ማሬ ራሷን ይዛ ስታቃስት ሰማኋት።

«ከቦርሳዬ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የታሰረ እምነት አለልሽ። ተቀቢው፤ ዐይንሽ እስኪበራ አትታጠቢው» አልኳት።

ስንመለስ ማሬ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። ሻሿን ፈትታዋለች። ግንባሯ፣ ሁለቱ የጆሮ ግንዶቿ፣ ማጅራቷ፣ ከዚያም አልፎ ጉልበቶቿ በግራጫ ነገር ተለስነዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ፀሐይዋ ላይ ያብለጨልጫል። ይታይሽ ደርቃ ቆመች።

«እትዬ ማሬ፣ ግንባርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እምነቱ ነዋ! እታለም ደግሞ ተባረኪ፣ በጠበል ለውሰሽ ማምጣትሽ። ደረቁ ይበንብኝ ነበር።»

«ታጠቢ!» ብላ ጮኸች ልጄ። «ተነሺ ታጠቢ!»

«ምን ሁነሻል አንቺ? አልታጠብም! ተሻለኝ እኮ!»

«ብር ነው እትዬ! የብር ጭቃዬ ነው!»

ማሬ ግንባሯን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አየችው። «ብር ነው የተቀባሁት?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ጌጡ ሳያየኝማ አልታጠብም! ስንት ዘመን አንድ የአንገት ድሪ ግዛልኝ ስለው ኖሬ!»

«የቀረውስ? የቀረውን የት አደረግሽው?»

ማሬ ወደ ደጁ ዞር አለች። እኛም ዞርን። ቡሬ ቆሞ ያመሰኳል። ሻኛው በፀሐይ ያበራል።

የዚያን ቀን ሥራችን ይኼ ሆነ። ማሬን ሳፋ ላይ አጎንብሰን አጠብናት፤ እሷ እየሳቀች፣ ልጄ እያለቀሰች፣ እኔ ሁለቱንም እያደረግሁ። በሬ ማጠብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳፋውን ወደ ሻኛው ሲያስጠጉት ይሸሻል፤ ውሃው ሲነካው ቆዳውን ያንቀጠቅጣል፤ እኔ ደግሞ ከቀንዱ በኩል ያዢ ተባልኩ። እኔ! ንፋስ መውጫ አውራ ዶሮ የሚያባርረኝ ሴት! ቡሬ አንዴ ራሱን ሲነቀንቅ ገመዱን ለቅቄ አጥሩን ዘለልኩ፤ እሱም ዘለለ፤ በተለያየ በኩል። ጌጡ ውቂያውን ጥሎ መጣ፤ በሬውን ሲያሳድድ፣ ሲይዝ፣ እኛም ስናጥብ ቀኑ አለቀ። የሳፋውን ውሃ አስቀምጠን ስናጠልለው ከሥሩ አንድ እፍኝ የማይሞላ ግራጫ ደለል ቀረ፤ የበሬ ፀጉር አለበት።

ይታይሽ በጣቷ አሸችው። «አይያዝም። ማጣበቂያው ታጥቦ ሄዷል» አለች። ሌላ አልተናገረችም። የሚያስፈራኝም ይኼው ነው፤ ልጄ ስትጮህ አልፈራም፣ ዝም ስትል ነው።

ጌጡ እራት ላይ ሊያስቀን ሞከረና አልሆነለትም። «እታለም፣ ውቂያው ለነገ ተረፈ። ነገ ደግሞ ወንፈሎቼ ሊያግዙኝ ይመጣሉ፤ ሰው ጠርቼ እኔ ልጠፋ አልችልም። ለአያ ደምሌ እደውልላቸዋለሁ። ሽማግሌ ግን አንቺው ሁኚ» አለኝ።

«እኔ? ምን ብዬ?»

«እንደ ሽማግሌ ነዋ! ትነሺያለሽ፣ ትናገሪያለሽ።»

ረቡዕ

ከወገዳ የተነሣነው እህል በጫነ አይሱዙ ነው። ጋቢና አስገቡን። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ መኪናው ሲነጥር እኔ ጣራውን፣ ይታይሽ እኔን ትይዛለች። እኔ ደግሞ ንግግሬን እለማመዳለሁ። ሽማግሌ ሲናገር የሰማሁት ሴት ሲጠይቅ ብቻ ስለሆነ የማውቀው ያንኑ ነው። ሾፌሩ ሲያዳምጠኝ ቆይቶ «እናቴ፣ ማንን ሊድሩ ነው?» አለኝ። «ማንንም» አልኩት። «እንግዲያስ ‹ዘመድ አድርጉን› የሚለውን ይተዉት፤ ያስተሳስራል» አለ። አመሰገንኩት።

መካነ ኢየሱስ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ ባጃጁ ከእኛ ይበዛል፣ ሰዉም እንደ እኛ ተሸፋፍኖ አይሮጥም፤ ቆሞ ያወራል። የአያ ደምሌን ቤት ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገንም፤ የመዶሻውን ድምፅ ተከትለን ደረስን። ጥምቀት ቀርቧልና ሥራ በዝቶባቸዋል። ሚስታቸው እትዬ ስመኝ በር ላይ ተቀብለውን ሳሙን፣ ውሃ አቀረቡ፣ ጊዜው ስለደረሰ የሱፍ ፍትፍት አመጡ።

እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተቀመጥኩ። እጄ ወደ ትሪው ይሄድና ይመለሳል። ይታይሽ በክርኗ ትወጋኛለች። እትዬ ስመኝ አዩኝ፣ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ብይ እንጂ እቴ። ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ሰው አንበላም፣ ጦም ነን» አሉኝ።

አያ ደምሌ መዶሻቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ይታይሽ መሬት ልትገባ ደረሰች። እኔ ከማፈሬ የተነሣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረስኩ፣ ሳቄ ከጉርሻው ጋር ተጋጨና አነቀኝ። ጀርባዬን እየደበደቡ ያዳኑኝ አያ ደምሌ ራሳቸው ናቸው። ሰው ሊበላ የፈለገ ይደበድባል እንጂ አያድንም። ከዚያ በኋላ ትሪውን ጠረግሁት።

ከበላን በኋላ አያ ደምሌ «ጌጡ ነግሮኛል። ጭቃው የታል?» አሉ።

ይታይሽ ደለሉን አውጥታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አቀረቡት። «የበሬ ፀጉር ያለው ብር አይቼ አላውቅም» አሉ። ቀጥለው አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ጠየቋት። በመዳፋቸው መዘኑትና መስፋቸው ላይ፣ ያ ብረት የሚመታበት ላይ፣ ጣሉት። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። የራሳቸውን መስቀል ጣሉ፤ ጠራ ብሎ ጮኸ።

«ሰማሽ? ድምፅ የለውም።»

«መስቀል የሚሠራው ለአንገት ነው አያ ደምሌ። ደወል አይደለም» አለች ልጄ።

በክርኔ ወጋኋት። ሽማግሌውን እንዲህ? እርሳቸው ግን ደስ ያላቸው ይመስላል። «ብር ሲመታ ነው የሚጠና፣ ልጄ። እንደ ልጅ ነው። ያልተመታ ብር እንዳደረጉት ይቀመጣል እንጂ ሥጋው አይያያዝም። የእኔን ለልጅ ልጅሽ ታወርሺዋለሽ። ይኼን ልጠፈው?»

«ይጠፉት።»

አጠፉት። ቅጭ አለ፤ አንዱ ክንድ ተሰነጠቀ።

እኔ ያየሁት መስቀሉን አይደለም፤ ሳጥኗ ውስጥ ያለውን ፓስፖርት ነው። አያ ደምሌም ደነገጡ፤ እንደሚታጠፍ እንጂ እንደሚሰነጠቅ ያሰቡ አይመስለኝም። ይታይሽ የተሰነጠቀውን ተቀብላ ገልብጣ ሰጠቻቸው።

«እሺ። አሁን እርስዎ ይኼን ገብስ ይቅረጹልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። የገብሱን ጢም በጣታቸው ጫፍ ተከትለው ሄዱ። «ማን ቀረጸው?»

«ማንም። ገብሱ ራሱ ነው የተጫነው።»

«በመሮ አይወጣም» አሉ። «ዐይኔም እጄም አይደርሱበትም። ግን እቴ፣ ምን ያደርጋል? ያማረና የሚሰበር፣ ያላማረና የማይሰበር፤ ሰው የቱን ይገዛል?»

«የሚሰበር መሆኑን እስኪያውቅ የመጀመሪያውን» አሉ እትዬ ስመኝ ከጓዳ።

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ነው። ተነሣሁ። ነጠላዬን አደገደግሁ። በመንገድ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ አፌ ላይ የመጣው የድሮው ሆነ። «የመጣነው… እናንተ ከፍ ያላችሁ፣ እኛ ዝቅ ያልን… ልጃችሁን ለልጃችን…»

«ኧረ እኔ የምድረው ልጅ የለኝም!» አሉ አያ ደምሌ።

«ልጄን ያስቀሯት!» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ይምቷት አላልኩም፣ ብሩን ይምቱት፤ እሷን ግን ያስቀሯት። ካልወሰዷት ዐረብ አገር ትሄድብኛለች። የጎረቤቴ ልጅ ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። እኔ ሁሉን እፈራለሁ አያ ደምሌ። እርስዎንም ፈርቼ ነው የመጣሁት።»

አያ ደምሌ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ምን አለኝና እቴ፣ ከዐረብ አገር በምን በልጬ?»

«በምንም» አሉ እትዬ ስመኝ፤ ከጓዳ እጃቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ ወጡ። «አንተማ በምንም አትበልጥ። እኔ ግን ሰሙን የሚያበጅልኝ እጅ ቸግሮኛል፤ ዐይኔ ደክሟል። ደግሞ ምን ‹ብር ሲመታ› ትላለህ? ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው መስቀል ስንቱን መታኸው? ሰሙን መስቀል ያደረግሁት እኔ! በጭቃ የለበጥኩት እኔ! አንተ አቅልጠህ ታፈስሳለህ። በጭቃ መሥራት ነውር ከሆነ እኔም ነውረኛ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው እኔ አሠራሩን የተረዳሁት። መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ያበጁታል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጡታል፤ ጭቃው ሲሞቅ ሰሙ በቀዳዳ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብር ይገባበታል። ይታይሽ ግን ከእኔ ቀድማ ሌላ ነገር አይታለች። ነጠላዬ ላይ ከጌጡ ደጅ ተሰክቶ የመጣ የስንዴ ዘለላ ነበር። ነቀለችውና «እትዬ ስመኝ፣ ሰሙን ያሙቁልኝ» አለች። የሞቀውን ሰም ዳመጠችው፣ ዘለላውን አስተኛችበት፣ በአውራ ጣቷ ጫነችው፣ ቀስ ብላ አነሣችው። የስንዴው ጢም አንድ በአንድ ሰሙ ላይ ቀርቷል።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አያ ደምሌ ወናፋቸውን ስበው ከሰሉን ማናፋት ጀመሩ፤ ያን የበሬ ፀጉር ያለበትን ደለል በሸክላ ማቅለጫ አድርገው እሳቱ ላይ አስቀመጡት። ቤቱ በተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ቀጥሎ ግራጫው ጠፋና አንዲት የምትንቀጠቀጥ የብርሃን ጠብታ ቀረች።

«ብር ነው» አሉ። እስከዚያ ድረስ እንዳላመኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ይታይሽና እትዬ ስመኝ ሰሙን መስቀል አድርገው፣ በጭቃ ለብጠው፣ እሳቱ አጠገብ አስቀመጡት። እኛም እዚያው አደርን። እኔ አንጥረኛ ቤት!

ሐሙስ

ጠዋት አያ ደምሌ ብሩን እንደገና አቅልጠው አፈሰሱ፣ አቀዘቀዙ፣ የጭቃውን ልባስ በመዶሻ ጠርዝ ሰበሩት። መስቀሉ ወጣ። ከላይ እስከ መሐል ስንዴው ጢሙ ሳይቀር ቆሟል፤ ከመሐል ወደ ታች ግን ባዶ ነው፤ ብሩ አልደረሰም።

«አነሰ» አሉ።

«የጎደለው ወገዳ ነው ያለው፣ በሬው ላይ» አለች ይታይሽ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው።

አያ ደምሌ የደረሰውን ግማሽ በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። መስፉ ላይ ጣሉት። ጠራ ብሎ ጮኸ። «ይኼው። ይኼ የእኔ ሥራ ነው፤ የጭቃ አይደለም።»

«ሐሳቡ የጭቃ ነው» አለች።

«የሰም ነው!» አሉ እትዬ ስመኝ።

ሲከራከሩ ሻይ ፈልቶ ተጠጣ፣ ዳቦው አለቀ፤ እነሱ ግን አልጨረሱም። አያ ደምሌ በመጨረሻ፣ «ልጅቱ ከስመኝ ጋር ትሥራ። ከመዶሻዬ ግን አትድረስ። ያን የፈረንጅ ጭቃም ቤቴ አታስገባ» አሉ።

«ከብሩ የሚወድቀውን የሞረድ ብናኝ ይስጡኝ፤ ጭቃውን እኔ ራሴ እሠራዋለሁ» አለች ይታይሽ።

«ከቤቴ ውጭ!»

«በረንዳውስ?»

«በረንዳው የእኔ ነው» አሉ እትዬ ስመኝ። «እፈቅዳለሁ።»

አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞረው «ሽማግሌዋ ምን ትላለች?» አሉኝ። ልጄን አየኋት። ሰም ከጥፍሯ ሥር እያወጣች፣ ቀና ሳትል፣

«እማ፣ ልብሴን በመኪና ላኪልኝ» አለች። «ሹራቡን ተዪው፤ እዚህ አይበርድም።»

መናኸሪያ የሸኘችኝ እሷ ናት። አውቶቡሱ ደብረ ታቦር ይሄዳል፤ ከዚያ ሌላ እይዛለሁ፤ ብቻዬን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። መስኮት ያዝኩ። ሰው አልሞላም፣ ሾፌሩም ብቅ አላለም። ይታይሽ ከታች ሆና አንዴ እኔን፣ አንዴ የመጣችበትን መንገድ ታያለች።

«ምን ሁነሻል?» አልኳት።

«ሰሙን እሳት ዳር ትቼው መጥቻለሁ። ይፈስብኛል።»

«ታዲያ ሂጂ!»

«መኪናው ይንቀሳቀስና…»

«ሂጂ አልኩሽ!»

እጇን በመስኮት አስገብታ ጉንጬን ነካችኝና ዞረች። መጀመሪያ ተራመደች፤ የባጃጆቹን ሰልፍ ስታልፍ ሮጠች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ከኋላዋ ይጎተታል። የልጄን ጀርባ ስንት ጊዜ በሕልሜ አይቼዋለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መስታወት በር ውስጥ ሲገባ። በነቃሁ ቁጥር አልጋዋን እዳስሳለሁ። ያን ሐሙስ ደግሞ በውኔ አየሁት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፈር መንገድ ላይ፣ ወደ ሥራው ሲጣደፍ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ልጅሽ መኪናው ሳይነሣ ትታሽ ሄደች?» አለችኝ።

«ሄደች» አልኳት። መናኸሪያው እስኪሰማኝ ድረስ እየሳቅሁ ነበር።